ከአጥር ውጭ የቀሩ ከዘራዎች

ዋጋሪ ከቤት ብቅ ሲል ውሻው ተነሥቶ ጥርሱን አሳየው።

ግቢው ጢም ብሎ ነበር። ዕድሩ የተከለው ድንኳን አልበቃ ብሎ አግዳሚዎቹ እስከ ማንጎው ዛፍ ድረስ ተዘርግተዋል፤ የባኬ ጃማ ሰፈር ሰው ግማሹ እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጠዋት ጀምሮ ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲገባና ሲወጣ ውሻው ከማንጎው ሥር ተጋድሞ ጆሮውን እንኳ አላቆመም። መዘምራን መጥተው ዘምረዋል፤ የሟች ወዳጆች ደረታቸውን እየደቁ አልቅሰዋል፤ አንዲት ባልቴት ጭራውን ልትረግጠው ምንም አልቀራትም ነበር። እሱ አንዴ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ከደነ። አሁን የቤቱ አባወራ፣ ሚስቱን ትናንት የቀበረው ሰው፣ በገዛ በረንዳው ላይ ቢቆም ግን ፀጉሩን አቁሞ አጉረመረመበት። ዋጋሪ አንድ ደረጃ ወረደ። ውሻው ጭራውን ሸጉጦ ከውሃ ሮቶው ጀርባ ተወሸቀ።

ሰው ሁሉ እንዳላየ ሆነ። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዳላየ መሆን ደግሞ ከማየት ይብሳል። ዋጋሪ ከዘራውን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ወደ ድንኳኑ ሄደና ከታናሽ ወንድሙ ከጂሩ ጎን ተቀመጠ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነበር የምሰማው» አለ ጂሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄኛው ባበላው ላይ ይጮኻል።»

«እኔ አብልቼው አላውቅም» አለ ዋጋሪ።

እውነቱን ነበር። ዋጋሪ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ከነቀምቴ አሶሳ፣ ከአሶሳ ጂቡቲ ሲል፣ ቤቱን የሚያውቀው እንደ ጥሩ ሆቴል ነበር፤ ደርሶ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ይነሣል። ጉልበቱ እምቢ ብሎት መሪውን ከለቀቀ በኋላም ቤት መዋል አልሆነለትም። ከቁርስ በኋላ ከዘራውን አንሥቶ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጋራዥ ይወርዳል፤ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ስለ ጎማና ስለ ዳገት ሲያወራ ውሎ ሲመሽ ይመጣል። ሚስቱ ዘርፈሽ «አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ በልልኝ» ትለዋለች። እሱ «ነገ» ይላታል።

አሁን ቁጭ ብሎ ነበር። እንባ ግን እምቢ አለው። ሬሳው ሲወጣ አላለቀሰም፤ አፈሩ ሲመለስ አላለቀሰም። እሱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ሰው «በእምነቱ ጸንቶ ነው» ብሎ አደነቀው። ዋጋሪ ግን የሆነውን ያውቀዋል። ዘርፈሽ የሞተችበት መሆኑ ገና አልገባውም። ከመንገድ እንደሚመለስ ሰው አንድ ሰሃን የተከደነ ምግብ የሆነ ቦታ እየጠበቀው ይመስለው ነበር።

ያን ጊዜ ነው በሩ ላይ ያየውን ነገር ያየው።

ኦቦ ጉሉማ መጡ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ኦቦ ጉሉማና ከዘራቸው ተለያይተው አያውቁም፤ መቃብርም አብሮኝ ይገባል ይላሉ። ካፊያ እየጣለ ነበር። ሽማግሌው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ከዘራቸውን አጥሩ ላይ ከውጭ በኩል አስደገፉ፤ ጃንጥላቸውን አጥፈው ከጎኑ አቆሙ፤ ባዶ እጃቸውን በዝናቡ ውስጥ ገቡ። ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ አልሄዱም። አጥር አጥሩን ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ ማንጎው ሥር ወደተመለሰው ውሻ ዓይናቸውን ሳይጥሉ መጥተው መጀመሪያ ተቀመጡ። ከተቀመጡ በኋላ ነው አፋቸውን የከፈቱት።

«ዋቃዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

ከዚያ ከሰፌዱ ላይ አንድ እፍኝ ንፍሮ ዘገኑ። ሲበሉ አንዲት የስንዴ ፍሬ ያመለጠቻቸው ይመስል ከእግራቸው አጠገብ ወደቀች። ሌላም ወደቀች። ውሻው ብድግ ብሎ መጣ፤ ፍሬዎቹን ለቀም ለቀም አድርጎ ተመልሶ ተኛ። ኦቦ ጉሉማ ስለ በቆሎው እሸት ማውራታቸውን አላቋረጡም።

ዋጋሪ ዓይኑን ማመን አቃተው። ቀጥሎ የገባችውን ሴት ተመለከተ፤ እሷም አጥር አጥሩን ዞረች፣ እሷም ሳታይ ተቀመጠች፣ እሷም ከተቀመጠች በኋላ አለቀሰች፤ ከእጇም ፍሬ ወደቀ። ከእሷ ቀጥሎ የመጡት ባልና ሚስትም እንዲሁ። ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደና አንገቱን ወደ ውጭ አወጣ። በቆርቆሮው አጥር ርዝመት ልክ ከዘራዎች፣ ዱላዎችና ጃንጥላዎች ተደግፈው ቆመዋል፤ ዝናቡ ይወርድባቸዋል። በእጁ ከዘራ ይዞ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

የነቀምቴን ለቅሶ ያውቃል፤ ኦሮሞው እንዴት እንደሚደርስ፣ የሸዋና የጎጃም ልጆች እንዴት እንደሚያለቅሱ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ግን አባቱም አልነገሩት፣ እሱም አላየ። ይህ ሁሉ ሰው የሚያውቀውንና እሱ የማያውቀውን አንድ ሕግ ማን አወጣው?

ተመልሶ ተቀመጠ። ማንን እንደሚጠይቅ ግራ ገባው፤ በገዛ ቤቱ ደንብ ባዳ ሆኖ መጠየቅም አሳፈረው።

ውሻው የመጣው በክረምቱ መግቢያ ነው። ዘርፈሽ ልጃቸውን ሊሊሴን ልትጠይቅ ቢላ ከተማ ሄዳ ነበር፤ ሊሊሴ እዚያ አስተማሪ ናት። እንዳጋጣሚ የሊሊሴ አከራይ፣ ኬኔ የምትባል ብቸኛ አሮጊት፣ በዚያው ሰሞን አረፈች። ለቀስተኛ ግቢውን ሲሞላው፣ ከአሮጊቷና ከሊሊሴ በቀር ሰው አይቶ የማያውቅ ውሻዋ አበደ። የአንዱን ሱሪ ቀደደ፣ የሌላውን እጅ ነከሰ። ወንዶቹ በያዙት ዱላ ቀጠቀጡት፤ ከባሕር ዛፍ ጋር አስረውት መርዝ የሚያመጣ ሰው ላኩ። ዘርፈሽ ከለቀስተኞቹ መሃል ተነሣች፤ ገመዱን ፈታች፤ «ይሄ የኔ ነው» ብላ ይዛው ወጣች። ሚኒባሱ «ውሻ አልጭንም» ስላላት በአንድ አይሱዙ ጀርባ፣ ከከሰል ማዳበሪያ ላይ፣ ውሻውን ታቅፋ ነቀምቴ ገባች። የሾፌር ሚስት!

ጋራዥ ያሉት ጓደኞቹ ለሳምንት ሳቁበት።

«ይሄን የተቀጠቀጠ ውሻ ምን ልታደርጊው ነው?» ብሎ ጠየቃት ያን ዕለት።

«ላስተምረው።»

«ምን?»

«ሰው መልመድ» አለች። ስሙን መቻል አለችው። ያኔ በጣም ከስታ ነበር። «ጨጓራዬ ነው» ትላለች። «ሐኪም ቤት ሂጂ» ሲላት ትሄዳለች፤ ስትመለስ «ያው ጨጓራ ነው» ትላለች። ዋጋሪ አመናት፤ ሰውየው ሞተር ሲንኳኳ ከሩቅ ይሰማል፤ ይህን ግን አልሰማም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ንፍሮ ንፍሮ መሽተት ጀመረ። አንድ ማታ ድስቱን ከፍቶ ስንዴና አተር ተቀቅሎ ሲያገኝ ደነገጠ።

«ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም። ለመቻል ነው።»

«ውሻ ንፍሮ ይበላል?»

«ይልመደዋ» አለችና ክዳኑን መለሰች።

ማታ ለቀስተኛው ቀለል ሲል ጂሩ ነገሩን አነሣው።

«ወንድሜ፣ ነገ የዘርፈሽ ወገን፣ የኑኑ ቁምባ ሰው፣ ይመጣል። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ነው። ማዘንጊያ ናት የምትመራው፤ የማዘንጊያን ለቅሶ ታውቀዋለህ፣ ድንጋይ ያስለቅሳል። ይሄ ውሻ የዛሬውን ችሏል እንበል። ነገ አንዱን ነክሶ ቢያዋርደንስ? አንተን እንኳ፣ ጌታውን፣ በሰው ፊት ጥርሱን አሳየህ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነው። አንድ አይሱዙ ያለው ልጅ አነጋግሬአለሁ፤ ጠዋት ሰው ሳይገባ ወስዶ ከከተማ ውጭ ይለቀዋል።»

ሊሊሴ ስኒ እየሰበሰበች ነበር። ቆመች።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የእማዬ ውሻ ነው። ከሞት ያተረፈችው ነው።»

«እናትሽ ሞተች» አለ ጂሩ፤ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ሁለት ቀን ሙሉ ቆሞ ሰው ሲያስተናግድ ውሎ ደክሞት። «እኛም እንሄዳለን። አንቺ ቢላ ትመለሻለሽ፣ እኔ ሥራዬ ላይ። ከዚያ አባትሽ ከሚያጉረመርምበት ውሻ ጋር ብቻውን ይቅር?»

ሊሊሴ አባቷን አየችው። እሱ ማንጎው ሥር ወደተጋደመው ጥቁር ነገር እያየ ነበር። የሚያየው ሲመስለው ውሻው ቀና ብሎ አጉረመረመ።

«ውሰዱት» አለ ዋጋሪ።

በዚህ ዓለም ላይ ዘርፈሽ በመጨረሻ የሠራችው ሥራ ይህ ውሻ ነው፤ እሱን አሳልፎ መስጠት እሷን ሁለተኛ መቅበር እንደሆነ ገብቶታል። ግን ምን ያድርግ? የማይወድህን ፍጡር በግድ አታኖረውም።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ቀዩ መሬት እንፋሎት ያወጣ ነበር። ጂሩ ገመድ ይዞ ከቤት ወጣ። አይሱዙው ደጅ ቆሟል። ውሻው ገመዱን ሲያይ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አልጮኸም፣ አልሸሸም። ጂሩ ጎንበስ ሊል ሲል ከመንገዱ ታች ጩኸት ተሰማ።

የኑኑ ቁምባ ሰው ማልዶ ገስግሶ ነበር። አውቶቡሱ ከዋናው መንገድ ላይ አራግፏቸው ዳገቱን በእግር እያለቀሱ ይወጣሉ፤ ከፊት ማዘንጊያ፣ የዘርፈሽ ታላቅ እህት፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ፀጉሯን ነጭታ፣ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ። ከኋላዋ ሴቶቹ ይቀበሏታል፤ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶቹ ዱላቸውን እንደያዙ። እነዚህ የሰፈሩን ሕግ አያውቁም። ከዘራ ውጭ አልተዉም፤ አጥር አጥሩንም አልዞሩም። እንደ ጎርፍ በሩን ሞልተው ገቡ።

«እንግዳ ወዳዷ፣ በርሽ ክፍት ነው፣
ግቢ የሚለኝ ድምፅሽ ወዴት ነው?»

ጂሩ ገመዱን ጣለ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ጥቂት ጎረቤቶች ባሉበት ደረቁ። ዋጋሪ በረንዳው ላይ ሆኖ የሚሆነው ታየው፤ ውሻው ሲዘል፣ ዱላዎቹ ሲነሡ፣ የቢላው ታሪክ እንደገና ሲደገም።

ውሻው ተነሣ። አራት እግሩ ይንቀጠቀጣል። ማዘንጊያ ከማንጎው ፊት ደርሳ በጉልበቷ ተንበረከከችና ደረቷን ደቃች። «ዋይ እህቴ! ዋይ እህቴ! ዋይ!»

ውሻው ያን ድምፅ ሲሰማ መንቀጥቀጡን ተወ። ጆሮው ረገበ። የሚያውቀውን ሰው ያገኘ ይመስል አንድ ሁለቴ ጭራውን አወዛወዘ፤ ከዚያ ተኛና አገጩን በፊት እግሮቹ ላይ አሳርፎ፣ እንደሚጠብቅ ሆኖ፣ ዓይኑን ወደ ጎን አዞረ። እዚያ የዘርፈሽ ጎረቤት የኢቢሴ አሮጌ ጫማ ነበር። ኢቢሴ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ፣ ወደ እሱ ሳታይ፣ ከእጇ አንዲት ፍሬ ጣለች። በላ።

ዱላ የያዙት የኑኑ ቁምባ ወንዶች በውሻው ዙሪያ አልፈው ሄዱ።

ማዘንጊያ ለቅሶዋን ጨርሳ፣ ዋጋሪን አቅፋ፣ ተቀምጣ ውሃ ከጠጣች በኋላ ነው የተናገረችው። «ዋጋሪ፣ ይሄ ምን ዓይነት ውሻ ነው? በኔ ለቅሶ የሰው ልጅ ይሸሻል፤ እሱ እንደ ዘመድ ተቀመጠልኝ። አጃኢብ ነው!»

«እኔም አላወቅሁም፣ እትዬ ማዘንጊያ» አለ ዋጋሪ።

ተነሣ። ኢቢሴ ከጓሮ፣ ከንፍሮው ጎላ አጠገብ፣ እንጨት እየገፋች ነበር። ከዘርፈሽ ጋር አንድ አጥር ተካፍለው ልጆቻቸውን አሳድገዋል፤ ጨው ሲያልቅ፣ ሥጋ ሲገዛ፣ ልጅ ሲታመም አንዷ ከሌላዋ የደበቀችው ነገር አልነበረም። ዋጋሪ ግንድ ላይ ተቀመጠ።

«ኢቢሴ፣ ውሻውን ለቅሶ ማን አለማመደው?»

ሴትየዋ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እኔ» አለች።

«አንቺ?»

«እሷ ናት፤ ግን ድምፁ የኔ ነበር። ኦቦ ዋጋሪ፣ አትቆጡኝ።» ቃላት ስትፈልግ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያነሣች ትጥላለች። «መጀመሪያ ሰፈሩን ሰበሰበችን። ጉሉማን፣ እነ እገሌን፣ ሁሉንም በየተራ ቡና ጠራች። በሩ ላይ ቆማ ታዛለች። ‹ከዘራ ውጭ። ጃንጥላ ውጭ። አትዩት፣ አትጥሩት፣ እጅ አትዘርጉለት። እሱ ይምጣ እንጂ እናንተ አትሂዱ። መጀመሪያ ታኢ፣ ቁጭ በሉ፣ ከዚያ ሰላምታ።› ጉሉማ በከዘራቸው ነገር ተጣሏት እኮ! ‹ለውሻ ብዬ?› አሉ። ‹ለኔ ብለው› አለቻቸው። መጀመሪያ ሁለት ሁለት እየሆንን፣ ከዚያ አምስት አምስት፣ ከዚያ ማኅበሩ በሙሉ። መዘምራኑንም አስመጥታለች። እኛ ለውሻው አዝና መስሎን ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ ቀን ብቻዬን ጠራችኝ። ‹ኢቢሴ፣ በሩ ላይ ሆነሽ አልቅሺልኝ› አለችኝ። ‹ለማን?› አልኳት። ‹ለኔ።› ሟርት ነው ብዬ ጮኽኩ። በቁም ሰው ይለቀሳል? በሩ ላይ ጥያት ሄድኩ። ተከትላኝ መጣች፤ አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና ሐኪሙ ያላትን ነገረችኝ። ጨጓራ አይደለም፣ ኦቦ ዋጋሪ። ጨጓራ አልነበረም።»

እሳቱ ውስጥ እርጥብ እንጨት ተንጣጣ።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ጠየቅኋታ። ‹እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከመንገድ ሲመጣ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ነው የሚጠብቀው፤ ይሄም ተሰናድቶ ይጠብቀው› አለችኝ። ‹እኔ ስሞት ይሄ ግቢ በሰው ይሞላል። ያልለመደ ውሻ ይነክሳል፣ የነከሰ ውሻ ይገደላል፤ ቢላ ከተማ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ አግዳሚውን ተሸክሞ ሲሄድ ደግሞ ያ ሰውዬ ባዶ ቤት ይገባል። እቤት ውስጥ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ይኑር› አለች። ማል ጎና ሬ? ምን ላድርግ? አለቀስኩ። በየቀኑ እዚያ በር ላይ ቆሜ፣ እሷ እያየችኝ፣ እሷን አለቀስኳት። እሷ ማንጎው ሥር ሆና ንፍሮ ትጥልለታለች፤ በኔ ደግሞ ትስቃለች። ‹አይ ኢቢሴ፣ ለኔ ይሄን ያህል ብቻ ነው? ጨምሪ እንጂ! ማዘንጊያ ስትመጣ ምን ሊውጠው ነው?› ትለኛለች። እኔ የእውነት እያለቀስኩ እሷ የእውነት ትስቃለች። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ከእንግዲህም አላይም።»

ዋጋሪ አንድ ቀን ትዝ አለው። የጓደኛው መኪና አድርሶት፣ እንደ ልማዱ በመስኮቱ እጁን አሳልፎ፣ ክላክሱን ረዥም ነፍቶ በሩን በከዘራው ገፍቶ ሲገባ፣ ሴቶች ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ዝም ብለው ተቀምጠው አገኘ። ውሻው ከመሃላቸው ዘልሎ ሸሸ። «የምን ጸሎት ነው?» ብሎ ስቆ ነበር። ዘርፈሽ «ና፣ አንተም ቁጭ በል፤ ትንሽ ብቻ» አለችው። እሱ ረስቶት የሄደውን መነጽር አንሥቶ ወጣ።

«ሁሉን ስታለማምደው» አለ ቀስ ብሎ «እኔን ለምን ተወችኝ?»

ኢቢሴ መጀመሪያ ልትዋሽለት አሰበች፤ ፊቷ ላይ ታየ። ከዚያ ተወችው።

«አልተወችዎትም። አልቻለችዎትም። ‹ሰፈሩን ሁሉ ችያለሁ፣ እሱን ብቻ አልቻልኩትም፤ ቁጭ አይልልኝም› ትል ነበር። ‹ግድ የለም፤ ስሞት ቁጭ ይላል› አለች።» እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋችው። «ኦብሲ፣ ኦቦ ዋጋሪ። ቻሉት እንግዲህ።»

ዋጋሪ እዚያው ግንድ ላይ ብዙ ቆየ። ሐዘን ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ የመጣበት ሌላ ነገር ነበር፤ ተራራ ሥር ቆሞ ጫፉን ለማየት አንገቱን እንደሚያቀና ሰው ሆነ። ይቺ ሴት፣ የተከደነ ሰሃን ሠርታ የምትጠብቀው፣ «ጨጓራ ነው» የምትለው፣ ሞቷን እንደ ድግስ አሰናድታለች። ሰፈሩን በሙሉ አስተምራለች። የራሷን ለቅሶ ሰምታ፣ አንሷል ብላ አስጨምራለች። እሱ ሠላሳ ቶን ጭኖ የዓባይን በረሃ ስለወጣ ጉልበተኛ ነኝ ሲል ነበር።

ሊሊሴ ልትፈልገው መጣች። «አባዬ፣ የአይሱዙው ልጅ እየጠበቀ ነው። አጎቴ ምን ልበለው ይላል።»

«ይሂድ በይው» አለ ዋጋሪ። «የሚሄድ የለም።»

የኑኑ ቁምባ ሰው ምሳ በልቶ ተሰናበተ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግቢው እየተገፈፈ መጣ። ኦቦ ጉሉማ ተነሥተው አጥሩ ጋ ከዘራቸውን ሊያነሡ ሲሉ ዋጋሪ ተከትሏቸው ከበሩ ወጣ። ሊሸኛቸው መስሏቸው «ግባ፣ ግባ» አሉት። እሱ አልገባም። የራሱን ከዘራ አጥሩ ላይ፣ የሳቸው በነበረበት ቦታ፣ አስደገፈ። ሲረግጥ የሚጮኽ ጫማውን አወለቀ። ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ዞር አሉለት።

ዋጋሪ በገዛ በሩ እንደ እንግዳ ገባ።

ያለ ከዘራ ጉልበቱ ይከዳዋል። አጥር አጥሩን ይዞ፣ ቆርቆሮውን በእጁ እየዳሰሰ፣ ዓይኑን እግሩ ላይ ተክሎ ሄደ። ውሻው ሲነሣ ሰማው። ማጉረምረም ሲጀምር ሰማው። አልቆመም፣ አልተናገረም። ማንጎው ሥር ዘርፈሽ ትቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ጎኑን ለውሻው ሰጥቶ ተቀመጠ። ከኪሱ ያገኘውን ንፍሮ መዳፉ ላይ አድርጎ እጁን ከጎኑ መሬት ላይ አሳረፈ። ፊቱ ወደ አጥሩ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ጂሩና ሊሊሴ ያነሡትን አግዳሚ እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

መቀመጥ እንዲህ ነው ለካ። ድንጋዩ በተቀማጭ ብዛት ለስልሷል። ከዚህ ሆኖ በሩ ይታያል፤ እሷ ስንት ማታ ከዚህ ሆና የእሱን መምጫ አይታለች።

«ዘርፌ» አለ።

ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ድምፅ አልነበረም። «ዋይ» አለ፣ የእሷ አገር ሰዎች እንደሚሉት፣ ደረቱን በባዶ እጁ እየመታ። «ዋይ ዘርፌ! ዋይ እናቴ! ዋይ!» ሲሰበር ከሥሩ ተሰበረ፤ እንባው ጺሙን አርሶ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ሊሊሴ ልትሮጥ ስትል ኢቢሴ ከጓሮ ወጥታ ክንዷን ያዘቻት።

ማጉረምረሙ ቆመ። ያን ድምፅ መቻል ያውቀዋል፤ ያ ድምፅ ሲመጣ የሚመታው ሰው እንደማይኖር ተምሯል። እያሸተተ፣ ቆም እያለ፣ ቀረበ። ዋጋሪ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ጣቶቹ ላይ ተሰማው። አልዞረም፤ አላየውም። አንዲት ፍሬ ከመዳፉ ተነሣች። ሌላም ተነሣች።

ውሻው የመጨረሻዋን ስንዴ ከበላ በኋላም ዋጋሪ ፊቱን ወደ አጥሩ እንዳደረገ መዳፉን አልሰበሰበም።